ቦስተን 2፣ ቺካጎ 3፦ በ17 ሰከንድ ለተበላሸው ጨዋታ የተጫዋቾች ነጥብ

ሰኔ 17 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2013) ቦስተን ብሩይንስ በሜዳው በቲዲ ጋርደን የስታንሊ ካፕ (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ ዋንጫ) ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታን 2 ለ 1 ይመራ ነበር። ሊጠናቀቅ 1 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲቀረው የቺካጎ ብላክሆክሱ ብራያን ቢክል አቻ አደረገ። 17 ሰከንድ ቆይቶ ዴቭ ቦላንድ ሦስተኛውን ጎል አስቆጠረ። ተከታታዩን ወደ ሰባተኛ ጨዋታ ሊወስድ ጥቂት የቀረው ቡድን በጨዋታዎች ብዛት 4 ለ 2 ተሸነፈ፤ ዋንጫውም እዚያው በቦስተን በረዶ ላይ ተነሳ።

እንዲህ ባለ ሽንፈት ማግስት ነጥብ የሚሰጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የመጨረሻዋን ደቂቃ ብቻ አይተው ሁሉንም ተጫዋች በአንድ ላይ ይጥላሉ። የጨዋታውን ሙሉ ቅጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ቦስተን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በግልጽ የበላይ ነበር፤ በሁለተኛው ተመጣጠኑ፤ በሦስተኛውም መሪነቱን መልሶ ይዞ ነበር። የተሸነፈው ቡድኑ በሙሉ ተዳክሞ ሳይሆን ከግቡ ፊት ያለችው ጠባብ ቦታ ሁለት ጊዜ ባዶ ስለተተወች ነው። ከዚህ በታች ያለው ነጥብ የተሰጠውም በዚህ እምነት ነው።

ለእግር ኳስ ተመልካች አንድ ነገር ቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። በሆኪ ከግብ ጠባቂዎቹ ሌላ 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ 12 አጥቂ፣ 6 ተከላካይ። በረዶው ላይ በአንድ ጊዜ የሚገኙት አምስት ብቻ ናቸው፤ ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ተጫውተው ይቀየራሉ። ስለዚህ ጎልና አሲስት (ጎል የሚሆን ማቀበል) ቆጥሮ ነጥብ መስጠት አያዋጣም። የሚታየው ሦስት ነገር ነው። ተጫዋቹ ሲገባ ፓኳ (በዱላ የምትመታው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) የት ነበረች፣ ሲወጣስ የት ትቷት ሄደ? ከራሱ ሜዳ ሲያወጣት ለጓደኛው አቀብሎ ነው ወይስ ዝም ብሎ ወርውሮ? ከግቡ ፊት ሲቆም ዱላው የተጋጣሚውን ዱላ ይዟል ወይስ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል? ከ10 አምስት ማለት ሥራውን ሠርቷል፣ ከዚያ በላይ አልሄደም ማለት ነው።

ከግብ ጠባቂው እንጀምር፤ ወቀሳው ሁሉ የወረደው እሱ ላይ ነውና። ቱካ ራስክ 31 ሙከራ መጥቶበት 28ቱን አድኗል። ነጥቡ 7.5 ነው። በዚያ ዓመት የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚመጣው የጥሎ ማለፍ) ውድድር በሙሉ ከመጡበት ሙከራዎች 94 በመቶውን የመለሰ፣ በአማካይ በጨዋታ 1.88 ጎል ብቻ የተቆጠረበት ሰው ነው፤ ይህም ምሽት ከዚያ ብዙም አልራቀም። የምቀንስበት በአንደኛው ጎል ነው። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ 4 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ላይ የቺካጎው አምበል ጆናታን ቴይቭስ በቀኝ ክንፍ እየሮጠ መጥቶ ዝቅ አድርጎ መታት፤ በራስክ እግሮች መካከል ሾልካ ገባች። ግብ ጠባቂ ወደ ጎን ሲንሸራተት አንዱን እግር ገፍቶ ስለሚሄድ ለቅጽበት እግሮቹ ይከፈታሉ። ያንን ክፍተት የሚዘጋው የዱላው ምላስ ነው፤ ሁልጊዜ በረዶውን ነክቶ ከእግሮቹ መካከል ፊት ለፊት መቆየት አለበት። ትንሽ ከፍ ካለ ወይም ወደ ጎን ከሄደ 7.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ፓክ በቂ መንገድ አገኘች ማለት ነው። ይህ የእሱ ነው፤ ሊያድናት የሚችላት ነበረች።

የቀሩትን ሁለቱን ግን በእሱ ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ነው። በአቻው ጎል ፓኳ ከግቡ ጎን ነበረች፤ ግብ ጠባቂ በዚህ ጊዜ ቋሚውን ተደግፎ ከመቆም ሌላ አማራጭ የለውም። ከዚያ ተነስታ በጥቂት ሜትር ርቀት ወደ ፊት ለፊት ስትሻገር፣ የሚመታት ሰው ደግሞ ማንም ሳይነካው ከቆመ፣ የትኛውም ሰው በሰዓቱ ዞሮ አይደርስም። በሦስተኛው ደግሞ ከሩቅ የተመታችው ፓክ በመንገዷ ተነክታ አቅጣጫ ቀየረች፣ ቋሚውን መታች፣ ከግቡ አፍ ወደቀች። ራስክ ለመጀመሪያው ምት በትክክል ቆሞ ነበር። የወደቀችውን ማንሳት የተከላካይ ሥራ ነው።

ዝዴኖ ቻራ፣ 5.5። የቡድኑ አምበል፣ 206 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ በሊጉ ሁሉ ፊቱ መቆም የሚከብድ ተከላካይ ነበር። የዱላ ርዝመት በደንቡ እስከ 160 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲፈቀድ፣ ለእንዲህ ዓይነት ረጃጅም ተጫዋቾች 165 ገደማ እንዲሆን ልዩ ፈቃድ አለ፤ ቻራም የሚጫወተው በዚያ ነበር። ያ ዱላ ዋና ጥቅሙ የማቀበያ መንገድ መዝጋት ነው። በአቻው ጎል ላይ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

ቺካጎ ግብ ጠባቂውን ኮሪ ክሮፎርድን አስወጥቶ ስድስተኛ ተጫዋች አስገብቷል። ስድስት ለአምስት ሲሆን የሚከላከለው ቡድን ሁሉንም ሰው መያዝ አይችልም፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ ነፃ ይቀራል። ጥያቄው ነፃ የሚቀረው ሰው ማን ይሁን የሚለው ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ ከግቡ በጣም የራቀው። ለዚያ ሲባል አራቱ ከግቡ ፊት ተጠጋግተው በሳጥን ቅርጽ ይቆማሉ፣ አንዱ ብቻ ፓኳን የያዘውን ይጫናል። ፓኳ ከግቡ መስመር በታች ስትወርድ ደግሞ አንዱ ተከላካይ ይወጣባታል፣ ሌላው ከግቡ ፊት ካለው ሰው ሳይላቀቅ ዱላውን ከዱላው ጋር ያቆላልፋል፣ መሃል አጥቂውም አንድ እርምጃ ወርዶ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ይደፍናል። ከሦስቱ አንዱ ከዘገየ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

የቺካጎው ተከላካይ ዳንከን ኪት ፓኳን ለቴይቭስ አቀበለ፤ ቴይቭስ ከግቡ ጎን ቻራ አጠገብ ሆኖ ወደ ፊት ለፊት ገፋት፤ ቢክል መታት፣ ገባች። በዝግታ ሲታይ የቦስተን ተጫዋቾች ዓይን ፓኳ ላይ ነው። ፓክ ከግብ መስመር በታች ስትሆን አደጋው ይህ ነው፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ራሱ ግብ ስለሚያዞር ከኋላው የቆመውን አያይም። ቢክልን አንድ ሰው በዱላው ብቻ ቢይዘው ኖሮ ፓኳ ብትደርሰውም አይመታትም ነበር። ሰውነቱን መግፋት አያስፈልግም፤ ጎል የሚገባው በዱላ ነው፣ የሚያዘውም ዱላው ነው። ቻራ የማቀበያውን መንገድ አልዘጋም፣ ለዚህ ነው ነጥቡ ከስድስት የወረደው። በተቀረው ጨዋታ ግን ከባዱን ሸክም ተሸክሟል። የቺካጎ አሰልጣኝ ጆኤል ክዌንቪል ከአራተኛው ጨዋታ ጀምሮ ቴይቭስን፣ ፓትሪክ ኬንንና ቢክልን በአንድ መስመር ያሰለፈው ቻራን ለማዳከም ነበር፤ ተሳክቶለታልም።

ዴኒስ ሳይደንበርግ 6.5። ከቻራ ጎን ሆኖ ያው ሸክም ነበረበት። ፓክ በሰውነት መከላከል ላይ ከማንም አያንስም፤ ወደ ምቱ ሲገባ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ሌላውን ጎን ክፍት አይተውም። ጆኒ ቦይቻክና አንድሪው ፈረንስ 6፣ ቶሪ ክሩግና አዳም ማክኩዌድም እንዲሁ። ክሩግ ያኔ የ22 ዓመት ልጅ ነው፤ ከራሱ ሜዳ ፓኳን ተረጋግቶ የሚያወጣበት መንገድ ከብዙ አንጋፋዎች ይሻል ነበር።

አሁን ነገሩን የሚያከብደውን ላንሳ። ይህንን የስድስት ለአምስት ጨዋታ ከቦስተን በላይ የሚያውቅ ቡድን በዚያ ዓመት አልነበረም። ሜይ 13 ቀን 2013፣ በዚሁ በቲዲ ጋርደን፣ በቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ላይ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ 4 ለ 1 ከመመራት ተነስተዋል። ራስክን አስወጥተው፣ ሚላን ሉቺች 1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ሲቀር፣ ፓትሪስ በርዠሮን ደግሞ 51 ሰከንድ ሲቀር አስቆጥረው አቻ ሆኑ፤ በጭማሪ ሰዓትም በርዠሮን ጨረሰው። በአቻው ጎል ላይ የቶሮንቶን ግብ ጠባቂ ከፊቱ ቆሞ ዓይኑን የጋረደው ራሱ ቻራ ነበር። ተጋጣሚ ከግቡ ፊት አንድ ትልቅ ሰው አቁሞ ምን እንደሚያደርግ ከስድስት ሳምንት በፊት በራሳቸው እጅ ሠርተውታል። ለዚህ ነው የቢክል ጎል ከሌላ ቡድን ይልቅ በቦስተን ላይ የሚያስቆጨው።

ሦስተኛው ጎል የሌላ ዓይነት ስህተት ነው። አቻ ከተሆነ በኋላ ፓኳ መሃል ሜዳ ላይ ተጥላ ጨዋታው ይቀጥላል። በዚህ ሰዓት የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓኳን ወደ ተጋጣሚ ጥግ አስገብቶ ትንፋሽ ማግኘትና ወደ ጭማሪ ሰዓት መድረስ። ቦስተን ግን ወዲያው በራሱ ሜዳ ተጨናነቀ። የቺካጎው ተከላካይ ጆኒ ኦዱያ ከሩቅ መታት፣ ማይክል ፍሮሊክ ነካት፣ ቋሚው መለሳት፣ ቦላንድ ደግሞ ከግቡ አፍ ተገኘ። 58.3 ሰከንድ ቀርቶ ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ የምሰጠው ስህተት የለም፤ በረዶው ላይ የነበሩት አምስቱም ገና ያለፈው ጎል ድንጋጤ ውስጥ ነበሩ። ከሩቅ ምት ሲመጣ ተከላካይ ዞሮ ፓኳን መከተል የለበትም፤ ከምቱ በፊት ሰውየውን ይይዛል፣ ከምቱ በኋላም አይለቀውም። እዚህ ሰው ለቀው ፓክ አዩ።

ወደ አጥቂዎቹ ስንመጣ ሚላን ሉቺች 8 ነው፤ ከቦስተን ከፍተኛው። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ 12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ላይ 2 ለ 1 ያደረገውን ጎል አስቆጥሯል። ነጥቡ ለጎሉ ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ወደ ቺካጎ ጥግ ቀድሞ እየደረሰ ተከላካዮቹ ሳያስቡት ፓኳን እንዲለቁ አድርጓል። ትልቅ ሰውነት ያለው አጥቂ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ለመጋጨት ብሎ ከፓኳ መራቁ ላይ ነው፤ ሉቺች ግን ተጋጭቶ እንኳ ዱላው ከበረዶው አይነሳም ነበር። ያቀበለው ዴቪድ ክሬይቺ 7.5 ያገኛል። ክሬይቺ በዚያ ፕሌይኦፍ 26 ነጥብ (9 ጎልና 17 አሲስት) ይዞ ከሁሉም ተጫዋቾች አንደኛ ሆኖ ጨርሷል። የእሱ ትልቁ ችሎታ መዘግየት ነው፤ ሌላው ቸኩሎ የሚያቀብላትን ፓክ ግማሽ ሰከንድ ይዞ ተከላካዩ እስኪጠጋው ይጠብቃል፣ ከዚያ የተተወውን ቦታ ያገኛል። ኔተን ሆርተን በትከሻ ጉዳት እየተጫወተ 6 ነው።

የክሪስ ኬሊ መስመር ከተጠበቀው በላይ ሠርቷል። ኬሊ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 7 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ላይ የመጀመሪያውን ጎል አስቆጠረ፤ ታይለር ሴጊንና ዳንኤል ፓዬ አመቻችተውለት። ኬሊ 7.5፣ ፓዬ 7.5፣ ሴጊን 7። የፓዬ ሥራ በስታቲስቲክስ አይወጣም፤ ፍጥነቱን ተጠቅሞ ተከላካዩ ገና ፓኳን ሳይቆጣጠር መድረሱ ነው። ሴጊን በዚያ ፕሌይኦፍ በ22 ጨዋታ አንድ ጎል ብቻ ስላገባ ብዙ ተወቅሷል፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም ወደ ዳላስ ተዘዋወረ። የዚህን ምሽት ጨዋታ ብቻ ያየ ሰው ግን ለወቀሳው ምክንያት አያገኝም።

የፓትሪስ በርዠሮንን ነጥብ መስጠት ይከብዳል። በአምስተኛው ጨዋታ ወጥቶ ሆስፒታል የገባ ሰው በስድስተኛው ተሰለፈ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንደታወቀው የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል፣ የጎድኑ ልስልስ አጥንት ተቀዷል፣ ትከሻው ወልቋል፣ ሳንባውም ተበስቷል። ከዚህ ጋር ፌስ ኦፍ ይወስድ ነበር፤ ፌስ ኦፍ ማለት ሁለት ሰዎች አጎንብሰው ዳኛው የሚጥላትን ፓክ የሚሻሙበት ነው፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከትከሻና ከጎድን ነው። የሚሰጠው ነጥብ ለጀግንነቱ ሳይሆን ለጨዋታው ብቻ ከሆነ 6.5 ነው፤ ወደ ፊት የሚያደርገው ሩጫ አልነበረም፣ በራሱ ሜዳ ግን ቦታውን አልለቀቀም። ያንን ሸክም ይዞ ከ6 በላይ መድረሱ ራሱ ማንነቱን ይናገራል። ብራድ ማርሻንድ 4.5። በፍጻሜው ተከታታይ አንድም ጎል አላገባም፤ በዚህ ምሽትም ከቀኝም ከግራም የሚረዳው አጥቶ ብቻውን ሲታገል ነበር። ያሮሚር ያገር በጉዳት ምክንያት ጨዋታው ስለተቆራረጠበት ነጥብ አይሰጠውም። በ41 ዓመቱ በ22 የፕሌይኦፍ ጨዋታ 10 አሲስት አለው፣ ጎል ግን የለውም።

አራተኛው መስመር 5 ነው። ሾን ቶርንተን፣ ሪች ፔቨርሊና ከስዊድን ሊግ ገና በዚያ የፀደይ ወራት የመጣው ካርል ሶደርበርግ አብረው አልተለማመዱም። ሶደርበርግ ፕሌይኦፍ ሲጫወት ይህ ሁለተኛው ነበር። እዚህ የጎደለው ሰው ግሪጎሪ ካምቤል ነው። ከፒትስበርግ ጋር በነበረው ተከታታይ የኢቭጌኒ ማልኪንን ምት ሲከላከል እግሩ ተሰብሮ፣ በተሰበረ እግሩ ቆሞ መከላከሉን ቀጥሎ ነበር የወጣው። የእሱ መጉደል አንድን ቦታ ብቻ አላጎደለም፤ ኬሊና ፓዬ ያለ ዕረፍት እንዲደጋገሙ አድርጓል፤ የዚህ ድካም ደግሞ የሚታየው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው።

አሰልጣኝ ክሎድ ጁሊየን 6። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያቀደበት መንገድ ጥሩ ነበር፤ የቺካጎ ተከላካዮች ፓኳን ይዘው ለመውጣት ቀጥተኛ መንገድ አላገኙም። ፓወር ፕሌዩ ግን፣ ማለትም ተጋጣሚ ተጫዋች በቅጣት ሲወጣ የሚገኘው የቁጥር ብልጫ፣ አንድም ጎል አላመጣም። የቦስተን ፓወር ፕሌይ ችግር የቆየ ነበር፤ ፓኳን ዙሪያ ለዙሪያ ያንሸራሽሯት ነበር እንጂ ከግቡ ፊት ሰው ሳይቆም የሚመታ ምት አያስፈራም። በአንድ ጎል ልዩነት ለሚያልቅ ጨዋታ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከቺካጎ ወገን ቴይቭስ 9 ያገኛል። በአምስተኛው ጨዋታ ከባድ ግጭት ደርሶበት የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ያልተጫወተ ሰው፣ እዚህ አንድ ጎል አግብቶ የአቻዋን ደግሞ አመቻችቷል። ክሮፎርድ 7.5፤ ከ25 ሙከራ 23ቱን አድኗል፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቡድኑ ሲጨነቅ ልዩነቱ ከአንድ ጎል እንዳይሰፋ ያደረገው እሱ ነው። አንድሪው ሾው የቶርንተን ምት ፊቱን መትቶት እየደማ ወጥቶ ተመልሶ ተጫውቷል፤ 7።

ጆኒ ኦዱያ 8። አባቱ ኬንያዊ የሆነው ይህ የስቶክሆልም ልጅ በዚያ ምሽት ሻምፒዮን የሆነው በአንድ ትክክለኛ ውሳኔ ነው ማለት ይቻላል። አቻ ከተደረገ ገና ግማሽ ደቂቃ አልሞላም፤ ተከላካይ በዚህ ሰዓት ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይቀናዋል። እሱ ግን መስመሩ ላይ ቆሞ መታት፤ ያውም በኃይል ሳይሆን ዝቅ አድርጎ፣ ከግቡ ፊት ያሉት ጓደኞቹ በዱላቸው ሊደርሱባት በሚችሉት ከፍታ። ከፍ አድርጎ ቢመታት ኖሮ ፍሮሊክ አይነካትም፣ ራስክም በጓንቱ ይይዛትና ጨዋታው በፉጨት ይቆም ነበር።